ስለ ቀጭኗ ፒን መነቀልና በቁሜ ስለ መለቀሴ

ነሐሴ ፲፪ ቀን፣ ቢቸና

ለጋራ መገልገያዎች ሥርዓት ማስያዣ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፤
ግልባጭ፦ ስልክ ላለው ሁሉ፤ በተለይም ስልኩ ለጠፋበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ የክቡርነትዎ ጤና የተሟላ፣ ስልክዎም ዘወትር የሞላ ይሁን እላለሁ። ሁለተኛውን ምኞት ለይስሙላ እንዳልጨመርኩት ደብዳቤዬን እስከ ታች ካነበቡ ይረዱልኛል። እኔ አካለ ወልድ ምንይሉ እባላለሁ፤ ተወልጄ ያደግሁት ሞጣ ሲሆን፣ እዚህ ቢቸና ገበያ ዳር በአንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሬዲዮ፣ የእጅ ሰዓትና ስልክ ስጠግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በነዚህ ዓመታት ሁሉ ዕቃ እንጂ ሰው ጠርጥሬ አላውቅም ነበር። ለዚህ አዲስ ጠባዬ ጽሕፈት ቤትዎን ከልብ አመሰግናለሁ።

ነገሩን የማያውቅ አንባቢ ግራ እንዳይጋባ ከመነሻው ልጀምር። መብራት ሲሄድ የከተማውም የገጠሩም ሰው ስልኩን የሚሞላበት ቦታ ያጣ ስለ ነበር፣ ከሦስት ዓመት በፊት ገበያው ራስ ላይ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ቻርጅ ቤት ተሠራ። ባሕር ዛፉን ከየጓሯችን ቆርጠን፣ ድንጋዩን በትከሻችን ተሸክመን ግድግዳውን ያቆምነው እኛ ነን። ውስጡ ባለው ረጅም ሰሌዳ ላይ ሦስት ዓይነት ገመድ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ለቁልፍ ስልክ የሚሆኑ አሥራ ሁለት ቀጫጭን ፒኖች፣ አፋቸው ጠፍጣፋ የሆነ ሌሎች አሥራ ሁለት፣ ታይፕ ሲ የሚባሉት ደግሞ ስድስት። ገበያተኛው ስሙን በፕላስተር ላይ ጽፎ ስልኩን ለጠባቂው ለይታያል ይሰጣል፤ ይታያልም እንደየአፋቸው እየለየ ይሰካቸዋል፤ ስልኮቹም በጥገት ሥር እንደተሰለፉ ጥጆች ሲጠቡ ውለው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። በግንቦት ወር ግን ጽሕፈት ቤትዎ በጥናት ደረስኩበት ባለው ምክንያት ቀጫጭኖቹንም ጠፍጣፎቹንም ነቅሎ ሠላሳውንም ታይፕ ሲ አደረጋቸው።

ይህ የእኔ ጉዳይ የሆነው በአንዲት ሴት ምክንያት ነው። ሞጣ ያለችው ታላቅ እህቴ ወይንእሸት ሰባ ስድስት ዓመቷ ሲሆን፣ በየቀኑ ድምፄን በስልክ ሳትሰማ እህል አትቀምስም። ለምን እንዲህ ያለ ነገር እንደጀመረች በአምስተኛው ቁጥር እመጣበታለሁ። እስከዚያው ግን ከዚህ በታች ስለ ፒንና ስለ ገመድ የምዘበዝበው ሁሉ የእህቴ እራት መሆኑን ክቡርነትዎ እንዳይዘነጉብኝ እለምናለሁ።

፩ኛ. ስለ ጥናቱ።

ጥናቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በመለጠፍ ለሕዝብ ግልጽ ስላደረጉት ምስጋናዬ የላቀ ነው። ገጽ አንድን አነበብኩት፤ ለክቡርነትዎ የቀረበ ምስጋና ነው። ገጽ ሦስትንም አነበብኩት፤ ታይፕ ሲ «በጥንካሬም፣ በምቾትም፣ በዘመናዊነትም» አንደኛ መውጣቱን ይገልጻል። ገመዶቹ እርስ በርሳቸው የተወዳደሩበት ገጽ ሁለት ግን በቦታው የለም። መጀመሪያ ነፋስ ወስዶት ይሆናል ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ከሦስት ወረቀት መካከል የመሐሉን ብቻ መርጦ፣ መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነቅሎ፣ ሌሎቹን ሳይነካ የሚሄድ ነፋስ በአገራችን ነፍሶ ስለማያውቅ ነገሩ አልጣመኝም። ሦስት ጊዜ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ከዋናው ፋይል ጋር ተያይዟል» ተባልኩ። ዋናው ፋይል የት እንዳለ ስጠይቅ ደግሞ ክቡርነትዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

በገጽ ሦስት ላይ ገመዱ አሥር ሺህ ጊዜ ተሰክቶ ተነቅሎ ምንም እንዳልሆነ ተጽፏል። የሰካውን እጅ ለማመስገን ፈልጌ ባጠያይቅ ይታያል ሆኖ አገኘሁት። አንድ ሐሙስ ጠዋት ምንጣፍ የተነጠፈበት ክፍል ውስጥ አስገብተው፣ ካርቶኑ ገና የተቀደደ ስልክ ሰጥተው፣ «ሻይ ሰዓት እስኪደርስ ስካ ንቀል» እንዳሉት ነገረኝ። ይታያል ታታሪ ሰው መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም በዚያን ዕለት ሻይ በስንት ሰዓት እንደቀረበ ለማወቅ ያለኝ ጉጉት እስካሁን አልበረደም።

፪ኛ. ስለ እኔ ጥናት።

የእኔ ጥናት ምንጣፍ የለውም፤ ገጽም አይጎድለውም። ቀጭኗ ፒን ስትጎብጥ በጥርስ ትቃናለች፤ ቀዳዳዋ ጠባብና ክብ ስለሆነ ቆሻሻ ቢገባባት እፍ ይሏታል ይወጣል። ጉድለቷን አልደብቅም፤ ቀስ ብላ ነው የምትሞላው፤ ሲቆይም ቀዳዳው ይሰፋና ስልኩን ካላዘነበሉት አትይዝም። ጠፍጣፋው ደግሞ ፊትና ጀርባ አለው፤ ሰው ደግሞ ሲቸኩል ፊትና ጀርባ አይለይም፤ ገልብጦ ሲገፋው ውስጥ ያለችው ምላስ ትሰበራለች። ወደ ደጄ ከሚመጡት ቁስለኞች የሚበዙት በዚህ የተጎዱ ናቸው። ባለቤቶቻቸው እስከሚያመጧቸው ድረስ በክብሪት እንጨት፣ በጠጠር፣ በጎማ እየደገፉ ያኖሯቸዋል፤ አንድ ቄስ ስልካቸውን በዳዊታቸው ደግፈው ሲሞሉ አይቼ እሳቸውም አፍረው እኔም አፍሬ ተለያይተናል። ለፋሲካ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶች የሚይዙት ነጭ የአይፎን ገመድ አፉ ጠንካራ ነው፤ አንገቱ ጋ ግን ይላጣል፤ ከተላጠ ደግሞ ባለቤቱ ወደ መጣበት እስኪመለስ ድረስ የሚያውሰው ጎረቤት አያገኝም።

ታይፕ ሲን በተመለከተ እውነቱን ልናገር፤ መልካም ገመድ ነው። በየትኛውም ፊት ይገባል፤ ዓይኑ ለደከመ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አስመስለው የሠሩት ካልሆነም ጠንካራ ነው፤ ፈጥኖም ይሞላል። ነገር ግን የስልኩ አፍ ሰፊ ነው፤ ከመሐሉም ስስ ምላስ አለችበት። በአውድማ ወራት ገለባ፣ በወፍጮ ቤት ዱቄት፣ በኪስ ውስጥ የጋቢ ብናኝ እየገባ ይጠቀጠቅና ገመዱ ይዞ ይለቃል። ባለቤቱም ገመዱን ይረግማል፤ እኔ በመርፌ ሳወጣለት ደግሞ ይህ ሁሉ ከእኔ ስልክ ነው የወጣው ብሎ አይቀበለኝም። ታይፕ ሲ ይነቀል ብዬ አላውቅም፤ ብቻውን አይንገሥ ነው ያልኩት። አሥራ አራት ዓመት ያገለገለችኝ ቁልፍ ስልኬ አንዴ ከሞላች ስድስት ቀን ትቆያለች፤ ይህ በገጽ ሁለት ላይ ተጽፎ ይሆን እያልኩ ሳስብ ልቤ አሁንም ይጠረጥራል።

፫ኛ. ስለ ፀሐይ።

ክረምት ነው፤ ሰማዩም እንደሚያዩት ነው። አንድ ትልቅ ስልክ የሚጠጣው ለስድስት ቁልፍ ስልኮች ይበቃ ነበር። ስለዚህ ሠላሳ ታይፕ ሲ ተንጠልጥሎ ፀሐዩ የሚደርሰው ለስምንቱ ብቻ ሆኗል፤ ሃያ ሁለቱ ለጌጥ ናቸው፤ ጌጡም ያምራል። በጭቃ ሁለት ሰዓት ተጉዞ ቁልፍ ስልኩን ይዞ የሚመጣው ገበሬ ግን ከበሩ ይመለሳል። ሲመለስ ምን እንደሚል ብነግርዎ ደብዳቤዬ ጨዋነቱን ያጣል። አንድ ጥርጣሬ ብቻ ልጠይቅ፤ ውሳኔው ቁልፍ ስልክ የያዘ ሰው ደውሎ ቅሬታውን እንዳያሰማ ታስቦ ይሆን? እንዲህ ከሆነ በእውነት የተዋጣለት ሥራ ነው፤ አንድም ቅሬታ በስልክ እንዳልደረሳችሁ ሰምቻለሁ።

፬ኛ. ስለ ተወሰደችብኝ መቀየሪያ።

የተጣለ ታይፕ ሲ ገመድ ቆርጬ፣ ጫፉ ላይ ቀጭን ፒን በይጄ፣ በክር ጠምጥሜና በሰም አትሜ ለቻርጅ ቤቱ በነፃ ሰጠሁ። ሁለት ቀን ሠራች። በሦስተኛው ቀን ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «ዕውቅና የሌለው አፍ» ይዤ በመገኘቴ መቀየሪያዋ መወረሷን ይገልጻል። ዕውቅና ያለው አፍ እንዴት እንደሚገኝ ግን ደብዳቤው አይናገርም፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ለመናገር አፌን በጥንቃቄ ነው የምከፍተው።

፭ኛ. በቁሜ ስለ መለቀሴ።

በሰኔ መጀመሪያ መብራቱ እንደሄደ ቀረ፤ ጄኔሬተር ያላቸውም ቤንዚን አጥተው ዘጉ፤ ቻርጅ ቤቱም በደንቡ መሠረት መለሰኝ፤ ስልኬ ጠፋች። እህቴ አራት ቀን ስትደውል «ጥሪ አይቀበልም» ሲላት ቆይቶ፣ በአምስተኛው ቀን ልጇ ሰማው ወደ ጎረቤቴ ወደ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ደወለ። እኔ በዚያን ዕለት ጉንፋን ይዞኝ ተኝቼ ነበር። ፀሐይነሽም በቅን ልቧ፣ «ትንሽ ጉንፋን ቢጤ አሞት ነው እንጂ ምንም አይል፤ ሲመቻችሁ ብቅ ብላችሁ ብታዩት ደስ ይለዋል» አለችው።

ክቡርነትዎ የዚህ አገር ሰው ስለሆኑ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋዎትም። በእኛ ዘንድ እገሌ ሞተ ተብሎ በስልክ አይነገርም። መርዶ የሚረዳው ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ፊት ለፊት ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሞተው ሰው «ትንሽ አሞት» ይቆያል፤ ዘመዱም «ብቅ በሉ» ይባላል። ስልኬ አምስት ቀን ጠፍቷል፤ ትንሽ አሞኛል፤ ብቅ በሉ ተብሏል። ሰማው ሌላ የሚጠይቀው ነገር አልነበረውም።

ወዲያውኑ ዘመድ አሰባስቦ ሚኒባስ ያዘ። ለእናቱ «አጎቴን ጠይቀን እንምጣ» ብሎ ነገራት፤ እሷም ገብቷት ሳለ እንዳልገባት ሆና ተሳፈረች፤ ወጉ እንዲያ ነውና። ጉንደ ወይን ላይ ሁለት ሰዎች ጨመሩ። ደብረ ወርቅ አድረው በማለዳ ሲነሡ ደግሞ የአክስቴ ልጅ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ስለ እኔ ያዘጋጁትን ቅኔ ይዘው ተሳፈሩ። ቢቸና መናኸሪያ እንደወረዱ ለቅሶው ፈነዳ።

በሰፈራችን ለቅሶ የሰማ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ማን እንደሞተ በኋላ ይጠይቃል። ማታ ደህና እደር ያሉኝ ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ራሷ ፀሐይነሽ ሌሊቱን አርፌ መስሏት ደረቷን እየመታች ሮጠች። እኔም በበኩሌ ጩኸቱን ስሰማ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁና፣ የማን እንደሆነ ሳልጠይቅ ከሰዉ ኋላ ቆሜ አለቀስኩ። ደህና አድርጌ እንዳለቀስኩ ያዩኝ ይመሰክራሉ። ከፊት ሙሾ የምታወርደው ሴት «አካሌ ወንድሜ፣ ሳታየኝ ሄድክ ወይ» ስትል ነው ድምፁም ስሙም የማውቀው የሆነብኝ። ሰዉን ገፍቼ ወደ ፊት ስቀርብ እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። አየችኝና ወደቀች።

እስከዚህ ድረስ ቢስቁ አልቀየምም፤ እኔም ስቄያለሁ። ከዚህ በኋላ ግን አልሳቅሁም። እህቴ ለረጅም ጊዜ ራሷን ስታ ቆየች፤ ግራ እጇም ከመውደቋ የተነሣ ተሰበረ። ስትነቃ ፊቴን በደህናው እጇ ዳበሰችና፣ «ከእንግዲህ ድምፅህን ሳልሰማ እህል አልቀምስም» አለች። ስለት ነው ወይም ፍርሃት ነው፤ እኔ መለየት አልቻልኩም። እህቴ ደግሞ ያለችውን የምትተው ሴት አይደለችም።

ሰማው ሲመለስ የራሱን ታይፕ ሲ ስልክ ትቶልኝ ሄደ። በየቀኑ ካልሞላ የማይውል ስልክ ነው፤ ወረፋው በሁለት ቀን አንዴ ነው የሚደርሰኝ፤ የገመዶቻችሁ አፍም እየላላ ስለሄደ በሦስተኛው ሳምንት ስልኩን ካልደገፉት የማይዝ ሆነ፤ አሁን ደግሞ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይዝም። በፀሐይነሽ ስልክ ብደውልላት አታምነኝም፤ ያ ቁጥር አንድ ጊዜ ገድሎኛልና «ድምፁን አስመስለው ነው፤ እሱ ቢሆን በራሱ ስልክ ይደውል ነበር» ትላለች። ጥርጣሬ በቤታችን ከእኔ ይልቅ እሷ ላይ የጠና መሆኑን ከዚህ ይረዱልኝ።

አሁን ፍልሰታ ነው። የሰባ ስድስት ዓመት ሴት፣ እጇ ገና ያልጠና፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሥርዓቱን ትጾማለች፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደግሞ የእኔን ስልክ ትጾማለች። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ ብቻ ጠጥታ እንዳደረች ሰማው ነግሮኛል። ፈርቻለሁ ክቡር ሆይ። ይህን በምፀት መናገር አልቻልኩበትም።

ልመናዬ አጭር ነው። ከነቀላችኋቸው አሥራ ሁለት ቀጫጭን ፒኖች ሁለቱን ብቻ ወደ ሰሌዳው መልሱልን፤ ገጽ ሁለትንም አሳዩን። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በገጽ አንድና በገጽ ሦስት መካከል ባለው ባዶ ቦታ ለመለጠፍ አስቤያለሁ፤ ለክቼው ነበር፣ የተዘጋጀለት ያህል ልክክ ብሎ ይገባል።

ለሰጡን ዘመናዊነት፣ ላነሱልን ምርጫ፣ ዘመዶቼንም ሳልሞት ሁሉንም በአንድ ላይ እንዳያቸው፣ የተዘጋጀልኝንም ቅኔ በጆሮዬ እንድሰማ ስላበቁኝ ውለታዎ አይረሳኝም።

ከታላቅ አክብሮት፣ ከዚያም ከማያንስ ጥርጣሬ ጋር፣
በሰኔ ወር የተለቀሰልኝ፣ እስከዚህ ቀን ግን በሕይወት ያለሁት፣
አካለ ወልድ ምንይሉ
ሬዲዮ፣ ሰዓትና ስልክ ጠጋኝ

ይድረስ ተጨማሪ፤ ነሐሴ ፲፬ ቀን።

ደብዳቤውን ልለጥፍ ስዘጋጅ፣ ስሟን የማልጠቅሳት አንዲት የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኛ በወረቀት የተጠቀለለ ዕቃ ይዛ ወደ ሱቄ መጣች። ስፈታው አንገቷ የተሰበረ ቀጭን ፒን ሆና አገኘኋት። እናትዎ ከጉንደ ወይን ወደ እርስዎ የሚደውሉበት ቁልፍ ስልክዎ በሌላ እንደማይሞላ፣ ገመዷም ከቢሮዎ መጋረጃ ኋላ ተሰክታ እንደምትውል ነግራኝ፣ ለማንም እንዳልናገር አደራ አለችኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ጻፍኩት እንጂ። የተጠቀለለችበት ወረቀት ገጽ ሁለት ነው። በጥንካሬ አንደኛ የወጣችው ቀጭኗ ፒን ናት፤ ከጎኑም በእስክሪብቶ «ይህ ገጽ አይለጠፍ» ይላል። የጽሕፈት ቤትዎ ንብረት ስለሆነ ከዚህ ደብዳቤ ሥር ለጥፌዋለሁ።

ገመድዎን በክርና በሰም አሳምሬ ጠግኛታለሁ። ያልሞከሩትን ጥገና ማስረከብ ደግሞ ነውር ስለሆነ፣ ወደ ቻርጅ ቤቱ ወስጄ «የኃላፊው ናት» ብዬ ለይታያል ሰጠሁት። ይታያል ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበለኝ፤ ወረፋም አልጠየቀኝ፤ መሞከሪያ እንድትሆን ያቀረብኳት የእኔዋ ስልክ ጢም ብላ ሞላች። ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ወደ ሞጣ ደወልኩ። እህቴ እያወራችኝ ሽሮዋን በላች፤ ስታላምጥ ሰምቻታለሁ።

እንግዲህ ገመድዎ ስስ ስለሆነች ሙከራው ገና ብዙ ቀን ይወስዳል፤ ሁለቱ ፒኖች ወደ ሰሌዳው በተመለሱ ዕለት አስረክባለሁ። እስከዚያ ድረስ ስልክዎ ጠፍቶባቸው እናትዎ ወደ ቢሮ ቢደውሉ፣ ስልኩን የሚያነሣው ሰው እባክዎ «ትንሽ አሟቸው ነው» እንዳይላቸው አጥብቀው ያስጠንቅቁ፤ ከጉንደ ወይን ወደ ቢቸና ሚኒባስ ሞልቶ ነው።